ንቅሳትን የሚያጠፋው ማነው?

አንገቷን የተነቀሰች፣ ግንባሯ ላይ የመስቀል ምልክት ያላት እናት በጎንደር፣ በጎጃምም ሆነ በትግራይ ብርቅ አይደለችም። የዚያን ጊዜ ቀለም ጥላሸት ነው፤ መሣሪያው መርፌ ወይም እሾህ። ዛሬ ከተሜው «ታቱ» የሚለው በኤሌክትሪክ መርፌ ይሠራል፣ ቀለሙም ከፋብሪካ ይመጣል። ቆዳ ግን ሁለቱን አይለያቸውም፤ ቀለሙ ስሱን የላይኛ ሽፋን አልፎ ከሥሩ ባለው ወፍራም ሽፋን ውስጥ ያርፋል። እዚያ ከገባ በኋላ ውሃም ሳሙናም አይደርስበትም። የድሮ ፍቅረኛ ስም፣ አዲስ ሥራ ወይም የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖበት ላስጠፋው ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የቱ መሣሪያ ይሻላል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ግን ዋናውን ሠራተኛ ይዘነጋል። ንቅሳትን የሚያጠፋው መሣሪያ ሳይሆን የባለቤቱ ሰውነት ነው፤ ሰውነትን ዘሎ ለማለፍ የሚሞክር ዘዴ ሁሉ ደግሞ ዋጋውን ከቆዳው ላይ ይቆርጣል።

ነገሩ የሚገባን ንቅሳት ለምን እንደማይለቅ ስናውቅ ነው። ባዕድ ነገር ሲገባ ማክሮፌጅ የሚባሉ በላተኛ ሕዋሳት ደርሰው ይውጡታል። የቀለሙ ቅንጣት ግን ይተልቅባቸዋል፤ አይፈጩትም፣ ተሸክመውትም አይሄዱም፣ እንደያዙት ይቀመጣሉ። የፈረንሳይ ማርሴይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት፣ ያ ሕዋስ ሲሞት የለቀቀውን ቀለም በቦታው የተተካው አዲስ ሕዋስ መልሶ ይውጠዋል። ንቅሳት እንግዲህ ዘበኛው ሲቀየር ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ እስረኛ ነው።

ሌዘር የሚያደርገው እስረኛውን መሰባበር ብቻ ነው። አንደርሰንና ፓሪሽ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1983 ሐሳቡን በጽሑፍ አስቀመጡት፦ ጨረሩ ዒላማው የሚስበው ዓይነት ከሆነና እጅግ አጭር ከሆነ፣ ሙቀቱ ወደ ጎረቤት ሥጋ ሳይዛመት ዒላማውን ብቻ ይመታል። የዛሬዎቹ መሣሪያዎች ብልጭታ በሴኮንድ ቢሊዮንኛ ይለካል፤ «ፒኮ» የሚባሉት አዲሶቹ ደግሞ በትሪሊዮንኛ። ሐኪሙም ታካሚውም የዓይን መከላከያ ያደርጋሉ፤ መሣሪያው ጠስ ጠስ ይላል፣ ሕመሙ ከድስት እየተፈናጠረ እንደሚነካ ትኩስ ዘይት ነው። የተመታው ቦታ ወዲያው ነጭ ይሆናል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው ቀለሙ የጠፋ ይመስለዋል፤ ነጩ ግን ቆዳ ውስጥ የተፈጠረ የጋዝ አረፋ ነው። እውነተኛው ሥራ የሚጀምረው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፦ በላተኞቹ ስብርባሪውን ያነሳሉ፣ ከፊሉም በሊምፍ ቧንቧ ተጉዞ ሲያብጡ ንፍፊት የምንላቸው ዕጢዎች ዘንድ ይደርሳል። በሁለት ቀጠሮ መካከል ከ6 እስከ 8 ሳምንት የሚጠበቀውም ለዚህ ነው። ለመሆኑ አጥፊው መሣሪያው ቢሆን ኖሮ ቦታው ምን ለውጥ ያመጣ ነበር? የደም ዝውውር ደህና የሆነበት የአንገትና የፊት ንቅሳት ግን ከቁርጭምጭሚቱ ቶሎ ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጣሊያን ጥናትም በአጫሾች ላይ ሕክምናው ደከም እንደሚል አሳይቷል። ሌዘሩ ያው ነው፤ የተለየው ሰውነቱ ነው።

«ሌዘር ጥቁር ቆዳ ያቃጥላል» የሚለው ስጋት መሠረት አለው። የቆዳችን ቀለም ሜላኒንም ጨረር ይስባል፤ በተለይ አጫጭር ሞገዶችን። የሞገድ ርዝመቱ 694 ወይም 755 ናኖሜትር በሆነ ጨረር የተመታ ጠይም ቆዳ ሊነጣ ወይም ሊጠቁር ይችላል። «ያግ» የሚባለው የ1064 ናኖሜትር ሌዘር ግን ሜላኒንን ብዙም ሳይነካ ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ጥቁር ቀለምንም ደህና አድርጎ ይመታል። እ.ኤ.አ. በ2004 የእስራኤል ሐኪሞች ስለ ቤተ እስራኤላውያን ንቅሳት ያሳተሙት ጥናት እዚህ ላይ ብዙ ይናገራል፤ ኢትዮጵያ ሳሉ የተነቀሱት የጥላሸት ምልክት ከጥቂት ቀጠሮ በኋላ ከአብዛኞቹ ላይ በደንብ ለቋል። የእናቶቻችን ጥላሸት በዚህ በኩል ከዘመናዩ ታቱ ይሻላል፤ አረንጓዴና ቀይ ቀለም የሚፈልጉት ጨረር ለእኛ ቆዳ የሚያሰጋው ዓይነት ነውና። የቅንድብ ታቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፦ ቀለሙ የብረት ወይም የቲታኒየም ውህድ ካለበት በሌዘር ጠፍቶ ሳይሆን ጠቁሮ ሊያስደነግጥ ይችላል።

ሌዘር ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም፤ ይህም ተቃውሞ እውነት ነው። ታዲያ ብዙዎች የሚሄዱት ወደ አሲድና ወደ ጨው ፍቂያ ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ኤትዮስ ዘአሚዳም ለንቅሳት ማጥፊያ ጨውና የሚያቃጥል ውህድ ያዝዝ ነበር፤ ከ1400 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ያንኑ በኢንተርኔት መሸጥ ይገርማል። አሲዱ ቀለሙን መርጦ አያቃጥልም፤ ቀለሙ ያለበትን ቆዳ ነው የሚያነሳው። እንደ እኛው ባለ፣ ኬሎይድ የሚባል ጠባሳ በሚያዘወትረው ቆዳ ላይ ደግሞ ጠፍጣፋ ሥዕልን ጎልቶ በሚያሳክክ ጠባሳ መቀየር ሊሆን ይችላል። የሚቀቡት ክሬሞች ጉዳታቸው ቢያንስም ቀለሙ ወዳለበት አይደርሱም። ቀዶ ጥገና ቢያንስ ሐቀኛ ነው፦ ትንሽ ንቅሳት ተቆርጦ ይወጣል፣ ስፌቱ ጠባሳ እንደሚተውም አስቀድሞ ይታወቃል። ገንዘቡ ለማይበቃው በሁለት ሦስት የሌዘር ቀጠሮ አደብዝዞ በሌላ ሥዕል መሸፈን አለ፤ እንዳለ መተውም አለ። ለመተው የመረጠ ሰው ምንም አልተሸነፈም፤ የተሰበሰበ ገንዘብ እስኪኖር ንቅሳቱ የትም አይሄድም።

ላስጠፋ ብለው የወሰኑ ግን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፦ የሚሠራው የቆዳ ሐኪም ነው? መሣሪያው የ1064 ናኖሜትር ጨረር አለው? በትንሽ ቦታ ሞክሮ ሳምንታት ይጠብቃል? «በአንድ ቀን እናጠፋዋለን» ካሉዎት አይክፈሉ።