ሜትርና ልጆቹ

ሁለት ቦታ ለሽያጭ ቀርቧል እንበል። በካርታቸው ላይ ሁለቱም 140 ካሬ ሜትር ናቸው። አንዱ 10 በ14 ነው፣ ሌላው 7 በ20። ስፋታቸው ቁርጥ አንድ ሆኖ ሳለ የመጀመሪያውን ለማጠር 48 ሜትር፣ ሁለተኛውን ለማጠር 54 ሜትር አጥር ያስፈልጋል። በ7 ሜትር ወርድ ላይ ደግሞ የመኪና መግቢያ ከተቀነሰ በኋላ ለቤቱ ምን እንደሚተርፍ ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ቦታ የሚገዛ ሰው «ስንት ካሬ ነው?» ብሎ ብቻ ማቆም የለበትም፤ ስንት በስንት እንደሆነም ይጠይቅ።

የእነዚህ ሁሉ መነሻ ሜትር ነው። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን መለኪያው በየአካባቢው ስለሚለያይ ንግዱም ግብሩም ተተራምሶ ነበር። ሊቃውንቱ ከማንም ንጉሥ አካል ያልተወሰደ፣ የሁሉም የሆነ ልክ ፈልገው ወደ ምድር ዞሩ፤ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት ለአሥር ሚሊዮን ተከፍሎ አንዱ እጅ ሜትር ይሁን አሉ። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዴላምብርና ሜሼን የተባሉ ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1792 ከደንከርክ እስከ ባርሴሎና ያለውን ምድር ሊለኩ ተነሡ፤ ጦርነቱና የሰዉ ጥርጣሬ መንገድ እየዘጋባቸው ሥራው ዓመታት ፈጀ። ከዚያ የተገኘው ሜትር ከታሰበው 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አጠረ። በዚያ መሣሪያ፣ በዚያ ዘመን! እ.ኤ.አ. ከ1983 ወዲህ ሜትር የሚወሰነው በብርሃን ነው፤ ብርሃን በባዶ ሕዋ ውስጥ በሰከንድ 299,792,458 ሜትር ይጓዛል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከርዝመት ወደ ስፋትና ወደ ይዘት ሲሻገር ነው። አንድ ሜትር 100 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ካሬ ሜትር ግን 10,000 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ሜትር ኩብ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሴንቲ ሜትር ኩብ ነው። የውሃ ጉድጓድ ሲቆፈር ወርዱም ቁመቱም ጥልቀቱም እጥፍ ይሁን ከተባለ፣ የሚወጣው አፈር እጥፍ ሳይሆን ስምንት እጥፍ ይሆናል። ለሥራው ሁሉ በአንድ ቁርጥ ዋጋ የሚነጋገር ቆፋሪ ይህን ሳያሰላ መስማማት የለበትም።

ይዘትን ከስፋት ጋር የሚያስታርቅ አንድ ልክ አለ፤ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። የአየር ጠባይ ዘገባ «10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ዘነበ» ሲል፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ 10 ሊትር ወረደ ማለት ነው። 60 ካሬ የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤተሰብ በዚያ ዝናብ 600 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 30 ጀሪካን ውሃ ከራሱ በላይ አግኝቷል፤ የሚፈሰውና የሚተነው ትንሽ ቢቀንሰውም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለምታገኝ፣ ያው ጣሪያ ከ60 ሜትር ኩብ በላይ ይቀበላል። አሸንዳና ታንከር ያለው ሰው ቦቴ የሚጠብቅበት ቀን ይቀንሳል።

በዚሁ መንገድ ትልቁንም ማስላት ይቻላል። የህዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፤ ውሃው የሚተኛበት ስፋት 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ኩብ አንድ ቢሊዮን ሜትር ኩብ ስለሆነ፣ 74ን ለ1,874 አካፍሎ የወጣውን ኪሎ ሜትር ወደ ሜትር መለወጥ በቂ ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ 39 ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል።

ፍጥነት ርዝመትን ለጊዜ ማካፈል ነው። በሰዓት የተነገረውን ኪሎ ሜትር ለ3.6 ብናካፍል በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ እናገኛለን። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሹፌር በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል፤ ለሦስት ሰከንድ ስልኩን ካየ 60 ሜትር መንገድ ሳያይ አለፈ ማለት ነው። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2005 ብራሰልስ ላይ 10,000 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ሲጨርስ፣ በሰከንድ 6.34 ሜትር፣ በሰዓት ወደ 22.8 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ነበር። የ400 ሜትሩን ዙር በአማካይ በ63 ሰከንድ፣ ያውም 25 ጊዜ።