የድመት ግልገል አስተዳደግ

በአዲስ አበባ ከተማ በምዕራብ በኩል፥ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፥ ዓለም ባንክ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ የትልቅ ገንዘብ ቤት ስም ነው፤ ነገር ግን በዚያም እንደ ሌላው ሰፈር ሁሉ አይጥ የጤፍ ጆንያ ይበሳል። ስለዚህ የአንዱ ቤት ድመት በወለደች ጊዜ፥ «ለእኔም አንድ አስቀምጡልኝ» የሚል ጎረቤት አይታጣም። ብዙ ሰው ግን ግልገሉ ዓይኑን እንደ ገለጠ ሊወስደው ይቸኩላል። ቶሎ የተወሰደ ግልገል ቶሎ አይጥ የሚይዝ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው።

ግልገል ሲወለድ ዓይኑ የተጨፈነ ነው፤ የሚገለጠውም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገላውን በራሱ ሊያሞቅ አይችልም፤ የአዲስ አበባም ሌሊት ብርድ ነውና ከእናቱ ጉያ ከተለየ ፈጥኖ ይሞታል። ለእናቲቱ ነፋስ በማይገባበት ጥግ ሣጥን አስቀምጦ አሮጌ ጨርቅ ማንጠፍ ይገባል።

ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ከሁሉ የከበረ ነው። አይሊን ካርሽ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1980ዎቹ (በአውሮፓ አቆጣጠር) እንዳሳዩት፥ በእነዚህ ሳምንታት በሰው እጅ የተዳሰሰ ግልገል ሰውን ይወዳል፤ ያልተዳሰሰው ግን ሰውን እየፈራ ያድጋል። «ድመት መንኵሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ተረት ለቀልድ ቢሆንም፥ በዚህ በኩል እውነት አለበት። ስለዚህ የቤቱ ልጆች በየቀኑ ግልገሎቹን በቀስታ አንሥተው ሊያሻሹአቸው ይገባል። እናትም፥ አባትም፥ ጎረቤትም ይዳስሱአቸው፤ የሙቀጫ ድምፅ፥ የሬድዮ ወሬ፥ የሕፃን ልቅሶም ይስሙ። ጅራት መጎተት ግን ጨዋታ አይደለም፤ ከዚያ ግልገሉ የሚማረው የሰው እጅ ክፉ መሆኑን ብቻ ነው።

ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ ከእናቱ ወተት ጋር የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ይቀምሳል። የላም ወተት ብዙ ግልገሎችን ያስቀምጣል። የወጥ ትርፍ መስጠትም ጥሩ አይደለም፤ ሽንኩርት የድመትን ደም ይጎዳልና። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ከቤት ሲጠፋ ድመቲቱ ትረሳለች። ጾም ግን ለድመት አልታዘዘም፤ ሥጋ ወይም ዓሣ ለረጅም ጊዜ ያላገኘች ድመት ዓይኗ እስከ መታወር ይደርሳል።

በዚሁ ጊዜ እናቲቱ ታስተምራለች። መጀመሪያ የሞተ አይጥ፥ ኋላም በሕይወት ያለ አይጥ አምጥታ በልጆችዋ ፊት ትጥላለች። ግልገሎቹም እርስ በርሳቸው ሲታገሉ ንክሻቸውን መመጠን ይለምዳሉ። ጎረቤቱ የቸኮለበት አይጥ አዳኝነት የሚገኘው ከዚህ ትምህርት ነው፤ ቀድሞ የወሰደው እንደ ሆነ ትምህርቱን አቋረጠበት። በ2017 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በፊንላንድ አገር ወደ 6,000 ስለሚጠጉ ድመቶች ጥናት ተደርጎ፥ ከ8 ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት ይበልጥ ቍጡዎች ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ግልገሉ ቢያንስ 8 ሳምንት፥ ቢቻልም 12 ሳምንት ከእናቱ ጋር ይቈይ። 3 ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልገዋል፤ በሽታው በድመት ንክሻም ወደ ሰው ይተላለፋልና።

በመሄጃው ቀን ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ፥ የእናቱ ሽታ ያለበት ጨርቅ ተነጥፎለት ይወሰዳል። እንዳይጠፋ ተብሎ አንገቱን በገመድ ማሰር በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ግልገሉ በዘለለ ጊዜ ገመዱ ሊያንቀው ይችላል። ከዚህ ይልቅ ውኃ፥ ምግብና አሸዋ ያለበት ሣህን አቅርቦ፥ ጥቂት ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ ማኖር ይሻላል። ከአልጋ ሥር ቢደበቅ ማንም አይጎትተው፤ ቤቱ ጸጥ ሲል ራሱ ወጥቶ የሰዎቹን እግር ያሸታል።