የካምቢዮ ዘይት በውኃ አገር

በፎገራ ወረዳ በቁሐር ሚካኤል ቀበሌ ሩዝ የሚያምረው ውኃው ማሳ ላይ ስለሚተኛ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በሐምሌና በነሐሴ ሲሞሉ የፎገራ ሜዳ ውኃ ይለብሳል፤ ሲብስም በ1998 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ሰው ከቤቱ ያፈናቅላል። ለሩዙ ሲሳይ የሆነው ይህ ውኃ ከወረታ ከተማ ወደ ገጠር ለሚመላለስ አሮጌ መኪና ጠላት ነው። መግቢያውም ብዙ ሰው ልብ የማይለው የካምቢዮ ማስተንፈሻ ነው።

ካምቢዮ ሲሠራ ይግላል፣ በውስጡ ያለው አየርም ይሰፋል። አየሩ የሚወጣበት ትንሽ ማስተንፈሻ ከላይ የተበጀለት ለዚህ ነው። መኪናው እንደጋለ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ አየሩ በድንገት ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ ማስተንፈሻው ወይም ያረጀው የዘይት መያዣ ጎማ ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል። ውኃ የገባበት ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ይመስላል። በማንዋል ካምቢዮ ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ያዝጋል። ኦቶማቲክ ላይ ጉዳቱ ይከፋል፤ ማርሽ የሚያያይዙት ሰሌዳዎች የለበሱት ወረቀት መሰል ልባስ ውኃ ጠጥቶ ከሙጫው ይላቀቃል።

ስለዚህ በዚህ ሜዳ «ስንት ኪሎ ሜትር ተነዳ?» ከማለት በፊት «ክረምቱን በየት አለፈ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ከጎማው ግማሽ በላይ በሆነ ውኃ የተሻገረ መኪና ዘይቱ በዚያው ሳምንት ይታይ። ወተት መስሎ ከተገኘ ሳይቀየር መነዳት የለበትም።

በበጋ ደግሞ ዘይቱን የሚገድለው ሙቀት ነው። ከወረታ ደብረ ታቦር መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ከ1,800 ሜትር ከፍታ ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል። ጭነት የሞላ ሚኒባስ ያን ሁሉ ዳገት በዝቅተኛ ማርሽ ሲገፋ ካምቢዮው ክፉኛ ይግላል። በተለምዶ የሚሠራበት ስሌት፣ ከመደበኛው በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዘይቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ኦቶማቲክ ካምቢዮ «ዕድሜ ልክ ዘይት አይቀየርለትም» ሲሉ፣ ራሱ ካምቢዮ ሠሪ የሆነው የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ኩባንያ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ8 ዓመት እንዲቀየር ይመክራል። ይህ ምክር ለአስፋልት አገር ነው። ለእኛ ዳገትና አቧራ ከ50,000 ኪሎ ሜትር ባያልፍ እላለሁ።

መኪኖቻችን ደግሞ ገና ብዙ ይቆያሉ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ያገለገለ መኪና ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። ያለንን ማቆየት ግድ ሆኗል።

«አሮጌ ኦቶማቲክ ዘይቱ ሲቀየር ይሞታል» የሚል ወሬ አለ። ብዙ ሰው ዘይት የሚያስቀይረው ካምቢዮው መንሸራተት ከጀመረ በኋላ ነውና፣ ቀድሞ የጀመረው ሞት በአዲሱ ዘይት ይሳበባል። እርግጥ ልባሱ ላለቀ ካምቢዮ አሮጌው ዘይት ውስጥ የተንሳፈፈው ብናኝ ጥቂት መጨበጫ ይሆነው ነበር፤ ያ ሲወገድ ድካሙ ይገለጣል። መፍትሔው በማሽን ግፊት አጥቦ ማውጣትን ትቶ ቀስ እያሉ መቀየር ነው። ከሥር ያለው ቡሎን ሲፈታ የሚወርደው ከጠቅላላው ዘይት ሲሦ ወይም ግማሽ ያህሉ ብቻ ነው። በየጊዜው 40 በመቶው ወጥቶ በአዲስ ቢተካ፣ በሦስተኛው ዙር ሦስት አራተኛ ያህሉ አዲስ ይሆናል። በዙሮቹ መካከል ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ይነዳ። የወረደው ዘይት ይሽተት፣ ይታይ፦ ቀይ ጤና ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው ዘግይቷል። በካምቢዮው ሥር ባለው ማግኔት ላይ የተጣበቀ ግራጫ ልም ዱቄት የተለመደ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ከተገኘ ግን ዘይት መቀየር አያድነውም።

የዘይቱ ዓይነት ከሁሉም በላይ ነው። ሲቪቲ የሚባለው በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ የተገጠመለት ቪትዝ መኪና የራሱን ዘይት ብቻ ይፈልጋል፤ ተራ የኦቶማቲክ ዘይት ቀበቶውን ያበላሻል። ጂኤል-4 የተባለውን የዘይት ደረጃ ለሚጠይቅ ማንዋል ጂኤል-5 ቢደረግ፣ በውስጡ ያለው ድኝ ማርሽ የሚያስማሙትን የነሐስ ቀለበቶች ሊበላ ይችላል። ማንዋሉን የሚሠራ ሰው ደግሞ መጀመሪያ መሙያውን ቡሎን ይፍታ። መሙያው ዝጎ እንቢ ቢል፣ መኪናው ባዶ ካምቢዮ ይዞ የጋራዡ ጉድጓድ ላይ ይቀራልና።

የወጣውን አሮጌ ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፤ አደራ። የወረታ ቦይ ወደ ሩዙ ማሳ፣ ከማሳውም ወደ ጣና ይወርዳል። በጀሪካን ሰብስቡትና ለሚጠቀምበት ስጡ።