የስብዕና ባሕርያትና ሥነ ሕይወታዊ መሠረታቸው፦ ለመምህሩ ያላቸው ትርጉም

በአንድ ክፍል ተቀምጠው ከአንድ መምህር የሚማሩ ሁለት ልጆች ለአንድ ጥያቄ የሚያሳዩት አኳኋን ይለያያል። አንደኛው ጥያቄው ሳያልቅ እጁን ያወጣል፤ ሁለተኛው መልሱን እያወቀ አንገቱን ይደፋል። ይህ ልዩነት ከምን ይመነጫል? የሥነ ልቡና ሊቃውንት ከሰጧቸው መልሶች አንዱ የባሕርይ ንድፈ ሐሳብ ነው።

ባሕርይ ማለት ጊዜና ሁኔታ ቢለዋወጡም በአመዛኙ ጸንቶ የሚታይ የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የአድራጎት ዝንባሌ ነው። ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት በ1936 እ.ኤ.አ. የሰውን ጠባይ የሚገልጹ 18,000 ያህል ቃላት ከእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለቅመው አወጡ። ሬይመንድ ካተል ይህን ብዛት በስታቲስቲክስ ዘዴ ወደ 16 ባሕርያት አጠቃለለው። ሃንስ አይዘንክ ደግሞ በመጀመሪያ ሁለት መለኪያዎችን ብቻ አቀረበ፤ እነርሱም ከጭምትነት እስከ ተግባቢነት፣ ከስሜት መረጋጋት እስከ ስሜት መናወጥ የሚዘረጉ ናቸው።

አይዘንክ በ1967 እ.ኤ.አ. እንዳብራራው፣ የጭምት ሰው አንጎል በተፈጥሮው ይበልጥ ንቁ ስለሆነ ሁካታ ቶሎ ይበዛበታል፤ ተግባቢው ግን ተጨማሪ ማነቃቂያ ይሻል። ይህን ሐሳብ ሙከራዎች የደገፉት በከፊል ብቻ ነው። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን በሰዎች መካከል ከሚታየው የባሕርይ ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘር ውርስ ጋር እንደሚዛመድ ያመለክታሉ።

ይህ አኃዝ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባዋል። የሚናገረው በብዙ ሰዎች መካከል ስላለው ልዩነት እንጂ የአንድ ተማሪ ጠባይ እኩሌታው ከወላጆቹ ተወረሰ ማለት አይደለም። ከዚህም በላይ ዋልተር ሚሸል በ1968 እ.ኤ.አ. እንዳስገነዘበው፣ የባሕርይ ፈተና ውጤት ሰው በአንድ በተወሰነ ሁኔታ ከሚፈጽመው ድርጊት ጋር ያለው ተዛምዶ ከ0.30 እምብዛም አይበልጥም። በክፍል ዝም የሚለው ልጅ በጨዋታ ሜዳ መሪ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሌክሳንደር ቶማስና ስቴላ ቼስ በ1956 እ.ኤ.አ. በኒውዮርክ የጀመሩት የረጅም ጊዜ ጥናትም መንገዱን ያሳያል። እነርሱ እንደደረሱበት፣ ለልጁ ዕድገት ወሳኙ የተፈጥሮ ጠባዩ ብቻውን ሳይሆን ጠባዩ አካባቢው ከሚጠይቀው ነገር ጋር መጣጣሙ ነው።

ስለዚህ መምህሩ «ተሳትፎው ደካማ ነው» ብሎ በተማሪው መግለጫ ላይ ከማስፈሩ በፊት ልጁን በተለያዩ ሁኔታዎች ሊመለከተው፣ ለማሰቢያ ጊዜ ሊሰጠው፣ በጽሑፍና በአነስተኛ ቡድን እንዲመልስ ዕድል ሊከፍትለት ይገባል። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም እጅ በማውጣት ብቻ የሚለካ ምዘና ዕውቀትን ሳይሆን ጠባይን እንዳይመዝን መጠንቀቅ አለባቸው። ባሕርይ ዝንባሌ እንጂ ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ በመዝገብ ላይ የሰፈረ ቃል ግን የልጁ ዕጣ ፈንታ ሊሆን ይችላል።