ፓርኩና ባለቤቱ

ኦሜድላ የሚለውን ስም የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ምድር የረገጡበት የወሰን ሥፍራ ነው። በዚሁ ቆላ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮች ጎን ለጎን እንደሚገኙ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። አንደኛው ከገዳሪፍ ግዛት ጀምሮ ወደ ደቡብ የሚዘረጋው፣ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከለለው የሱዳኑ ዲንደር ነው። ሁለተኛው በቋራ የሚገኘውና በ1998 ዓ.ም. የተቋቋመው የእኛው አልጣሽ ነው። ወሰኑን አራዊቱ አያውቁትም። ወንዞቹም ስም ብቻ ይለውጣሉ፤ እኛ አይማ የምንለውን ሱዳኖች ዲንደር፣ ሽንፋ የምንለውን ራሃድ ይሉታል።

በክረምት ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ያጥለቀልቃሉ፤ መረሬውም መኪና አያሳልፍም። ውሃው ሲጎድል በዲንደር ውስጥ ማያ የሚባሉ ኩሬዎች ይቀራሉ። በበጋ አውሬውና ወፉ በእነዚህ ዙሪያ ስለሚሰበሰብ የጎብኚ ወራት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በአልጣሽ ካሜራ አጥምደውና ኮቴ ተከታትለው አንበሳ መኖሩን ሲያረጋግጡ የዓለም ጋዜጦች «አዲስ ግኝት» አሉት። በሁለቱ ፓርኮች ከ100 እስከ 200 አንበሳ ሊኖር እንደሚችልም ተገመተ። የካሜራው ማስረጃ ትልቅ ዋጋ አለው። ይሁንና ለቋራ ቆላ ሰው፣ በተለይም ለጉሙዙ ማር ቆራጭ፣ አንበሳው አዲስ አልነበረም።

ለመሆኑ ይህ ሰው በፓርኩ ውስጥ ምንድን ነው? ደንቡ የሚያውቀው ማር ቆራጭ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ከብት አስገቢ አድርጎ ነው፤ በአጭሩ አጥፊ። ማር ለመቁረጥ የሚለኮሰው እሳት ደን እንደሚያቃጥል አንክድም። ነገር ግን የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ፣ ውሃ የት እንደሚቆይ ለእንግዳ ማስረዳት የሚችለውም እርሱ ነው። አስጎብኚነቱን ለሌላ ሰጥቶ ለእርሱ ቅጣቱን ማስቀረት ፍርደ ገምድልነት ይመስለናል።

በሰሜን አውስትራሊያ የሚገኘው ካካዱ የተለየ መንገድ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው የመሬት መብት ሕግ መሠረት የፓርኩ አብዛኛው ክፍል የነባሩ ሕዝብ ይዞታ ሲሆን፣ መንግሥት ለፓርክነት የሚጠቀምበት ተከራይቶ ነው። ከ15ቱ የቦርድ አባላት 10ሩን የሚያቀርቡት ባለመሬቶቹ ናቸው። በጀልባ እንግዳ ይዘው የሚቀዝፉ፣ የዋሻ ሥዕል የሚተረጉሙ፣ የምግብ ሥራሥር የሚያሳዩ የራሳቸው ድርጅቶች አሏቸው። የማይነገረውን አይናገሩም፤ ቅዱስ ሥፍራም ይዘጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የፓርኩ አስተዳደር ጉንሎም በተባለው ፏፏቴ አጠገብ ያለ ፈቃድ የእግር መንገድ በመሥራቱ ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደርሷል። ስለዚህ ካካዱም ጠብ አላጣውም፤ ልዩነቱ ባለመሬቱ የሚሟገትበት ሕግ መኖሩ ነው።

በዲንደር በኩል ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣው የሱዳን ጦርነት ጉብኝቱን አቋርጦታል፤ በእኛም በኩል ሰላም ያስፈልጋል። እስከዚያው ግን በገለጎና በመተማ የምትገኙ መምህራን ከተማሪዎቻችሁ ጋር አንድ ሥራ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ሽማግሌዎችን እየጠየቃችሁ የዛፉን፣ የወፉንና የኩሬውን ስም በጉሙዝኛና በአማርኛ ጻፉ፤ ማሩ በየትኛው ወር ከየትኛው አበባ እንደሚገኝም ጨምሩ። የነገራችሁንም ሰው ስም፣ ከፈቀደ፣ በደብተሩ ላይ አስፍሩት።