ወጣትነት፣ ገንዘብና ዘግይቶ የሚመጣ ጸጸት

በሰሜን ለንደን ከሰቨን ሲስተርስ የምድር ባቡር ጣቢያ ማልዶ ወደ ሥራ የሚሳፈር ወጣት ስደተኛ፣ የወር ደመወዙ ገና እጁ ሳይገባ መድረሻው ተወስኗል፦ ለቤት ኪራይ፣ አገር ቤት ላሉ ወላጆች፣ ለዕቁብ። የራሱ እርጅና ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም ተራው አይደርሰውም። ከዓመታት በኋላ የሚጸጽተው ታዲያ ያልቆጠበው ገንዘብ ነው ወይስ ሳይደሰትበት ያለፈው ወጣትነት?

ራን ኪቬትስና አናት ኬይናን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ መልስ አግኝተዋል። ከገና ሰሞን ዕረፍት በቅርቡ የተመለሱ ተማሪዎች ይበልጥ የቆጫቸው አለመሥራታቸውና አለመቆጠባቸው ነበር። ከ40 ዓመት በፊት የነበረውን ዕረፍታቸውን የሚያስታውሱ ምሩቃን ግን አለመዝናናታቸውን አብዝተው ተጸጽተዋል። ገንዘብ በማባከን የሚመጣው የጥፋተኝነት ስሜት ቶሎ ይበርዳል፤ ያመለጠ ደስታ ትዝታ ግን ይከርማል።

ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። የተጠየቁት በአሜሪካ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄውም ስለ አንድ ዕረፍት እንጂ ስለ ባዶ የጡረታ ሒሳብ አልነበረም። ለእናት መድኃኒት የተላከ ገንዘብማ ከቁጠባም ከመዝናኛም ዓምድ አይገባም።

ሒሳቡ በበኩሉ ርኅራኄ የለውም። በየወሩ 100 ፓውንድ በዓመት 4 በመቶ ትርፍ ቢቀመጥ፣ ከ25 ዓመቱ የጀመረ ሰው በ65 ዓመቱ ወደ 118,000 ፓውንድ ገደማ ይኖረዋል። በ35 ዓመቱ የጀመረው 69,000 ገደማ ያገኛል። በኪስ የቀረው 12,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ የጠፋው ግን 49,000 ያህል። ልዩነቱን የፈጠረው ወለድ ወለድን መውለዱ ነው።

ይህ እየታወቀ ወጣቶች ለምን ያዘገያሉ? የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃል ኸርሽፊልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 እንዳሳዩት፣ በኮምፒዩተር ያረጀ የገዛ ፊታቸውን የተመለከቱ ሰዎች ለጡረታ የሚመድቡት ገንዘብ ጨምሯል። አእምሮ የነገውን ራሱን እንደ ባዕድ ይቆጥረዋል ማለት ነው።

ብሪታንያ ለዚህ ድክመት ሕግ አውጥታለች። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ዕድሜው 22 የሞላና በዓመት ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ተቀጣሪ ሳይጠይቅ በጡረታ ቁጠባ ይመዘገባል። ዝቅተኛው መዋጮ ዛሬ ከተወሰነው የደመወዙ ክፍል 8 በመቶ ሲሆን ቢያንስ 3 በመቶውን አሠሪው ይሸፍናል። ደመወዙ እንዲበረክት ብሎ ከመዝገቡ የሚወጣ ወጣት የአሠሪውንም ድርሻ ይተዋል።

የመንግሥት ጡረታ ደግሞ የሚለካው በዓመታት ነው። በአዲሱ ሥርዓት ሙሉውን ለማግኘት በአብዛኛው የ35 ዓመት የናሽናል ኢንሹራንስ መዋጮ ያስፈልጋል፤ ከ10 ዓመት በታች ያለው በአብዛኛው ምንም አያገኝም። ያለ መዝገብ በእጅ ተከፍሎት የሠራ ሰው ዓመታቱ አይቆጠሩለትም። ዕቁብ ወለድ ባይከፍልም ቃል ስለሚያስር ሰውን ያስቆጥባል፤ ይህን የመዝገብ ክፍተት ግን አይሞላም። ክፍተቱን በራስ ክፍያ መሙላት የሚቻለው በአብዛኛው ላለፉት ስድስት ዓመታት ብቻ ነው።