ሳይታመሙ የሚታይ ስጋት

ሳሪስ አቦ የሚኖር አንድ የ55 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ እናስብ። ሥራውን በደንብ ይሠራል፣ አንድም ሕመም አይሰማውም። ግን ያጨሳል፤ የላይኛው ደም ግፊቱም 160 ነው። እንዲህ ያለ ሰው በመጪዎቹ አሥር ዓመታት ድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) ወይም ስትሮክ ሊያገኘው የሚችልበትን ዕድል ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚናገር ባለቀለም ሰንጠረዥ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን፣ ዓለምን በ21 ቀጣና ከፍሎ ለእያንዳንዱ በዚያ ባለው የበሽታ መጠን አስተካክሎታል። ለእኛ የሚሆነው የምሥራቅ አፍሪካው ነው። የሚያገለግለው ከ40 እስከ 74 ዓመት ላሉ ነው። ላቦራቶሪ ባለበት ዕድሜ፣ ጾታ፣ ማጨስ፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ስኳር ይታያሉ። ላቦራቶሪ ከሌለ በኮሌስትሮልና በስኳር ፈንታ ክብደትና ቁመት ይበቃል። ውጤቱ አረንጓዴ ላይ ካረፈ ስጋቱ ከ5 በመቶ በታች ነው፤ ጥቁር ቀይ ከሆነ 30 በመቶና ከዚያ በላይ። ሠራተኛችን ሲጋራውን ቢተው ከአጫሾቹ ዓምድ ወጥቶ ዝቅ ያለ ቁጥር ላይ ያርፋል። ይህን ወረቀት የምወደው ለዚህ ነው፤ ፍርድ አይሰጥም፣ መውጫውን ያሳያል።

የዘረመል ምርመራ ደግሞ ጠለቅ ብሎ ይገባል፤ የማንን ዘረመል እንደሚያነብ ግን መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 ተመራማሪዎች አፖ ኤል ዋን በተባለው ዘረመል ላይ ኩላሊትን ለጉዳት የሚያጋልጡ ሁለት ለውጦች አገኙ። ለውጦቹ በምዕራብ አፍሪካ የበዙት የእንቅልፍ በሽታን ተሕዋስ ስለሚገድሉ ነው ተብሎ ይታመናል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ግን የሉም ለማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ኢትዮጵያውያን በቫይረሱ ሳቢያ ከሚመጣው የኩላሊት በሽታ የተጠበቁት በዚህ የተነሣ መሆኑን አሳይቷል።

አሜሪካ ውስጥ ግን የኩላሊትን አቅም የሚገምተው ቀመር ለጥቁር ሕመምተኛ ሁሉ 16 በመቶ ያህል ይጨምር ነበር። ዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊና ጋናዊው ጎረቤቱ እኩል ይታዩ ነበር ማለት ነው። ጭማሪው ከቀመሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ትክክለኛ ግምት የሚገኘው ሰዎችን ለዓመታት በመከታተል ነው፤ አሜሪካኖች በፍራሚንግሃም ከተማ እ.ኤ.አ. በ1948 በ5,209 ሰዎች የጀመሩት ይህንኑ ነበር። በቡታጅራም አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ልደትና ሞትን እየመዘገበ ሕዝብ ተከታትሏል። እንዲህ ባለው መዝገብ ላይ ደም ግፊት፣ ስኳርና የደም ናሙና ቢታከል፣ የሳሪስ አቦው ሠራተኛ ስጋት በራሱ ወገኖች ልክ ይሰላል።